«ሎጉን እኛ እናስተካክለዋለን» ላሉህ ወንድሜ

ከዴንቨር የላክኸው ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ። ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ካወጣህ ሦስት ወርህ ነው፤ ሁለት ሥራም አግኝተሃል። አንዱ በማይል የሚከፈል ረጅም መንገድ ነው። ሌላው እዚያው ከተማ ውስጥ በሰዓት የሚከፈል፣ ቀን ቀን የምትነዳበት ሥራ ነው፣ ገንዘቡ ያንሳል። አባትህ አዲስ አበባ የጀመሩት ቤት ጣሪያ ይጠብቃል። የረጅሙ መንገድ ዲስፓቸር፣ ጭነት የሚመድበው ሰው፣ ደግሞ «ሰዓት ካለቀብህ አትጨነቅ፣ ሎጉን እኛ እናስተካክለዋለን» ብሎሃል።

እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው።

ሕጉን ተምረኸዋል። ሥራ ከጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ አትነዳም፣ ከዚያ 10 ሰዓት ታርፋለህ። በፈረንጆቹ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ይህን የሚመዘግበው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ነው፤ ሎግ የሚሉት ይህን የሰዓት መዝገብ ነው። እሱን ማስተካከል ማጭበርበር ነው። አደጋ ቢደርስ መሪው ላይ የነበርከው አንተ ነህ።

ሕጉን አክብረህ እንኳ ሰውነትህ ላይከተልህ ይችላል። እስቲ አስላው። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀመርክ። 11 ሰዓት ነዳህ፣ መሀል ላይ ግማሽ ሰዓት አረፍክ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ቆምክ። ማክሰኞ የምትነሳው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ረቡዕ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ቀጣዩ ዙር ደግሞ እዚያው ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። አንድም ሕግ አልጣስክም። ግን እንቅልፍ በሚከብድበት ሰዓት መሪ ይዘሃል፣ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ተኛ ተብለሃል። መጋዘን በር ላይ ጭነት ስትጠብቅም 14ቱ ሰዓት ይቆጥራል። በማይል የሚከፈለው ሰው ያንን ጊዜ ለማካካስ ይጣደፋል።

እኔም ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። አንድ ሌሊት ኔብራስካ ውስጥ አይ-80 አውራ ጎዳና ላይ፣ መጋዘን ደጅ አምስት ሰዓት ተገትሬ ከጫንኩ በኋላ፣ የቀሰቀሰኝ የመንገዱ ጠርዝ መንገጫገጭ ነው። መቼ እንደጨፈንኩ አላውቅም። በሰዓት 65 ማይል ስትሄድ በአራት ሴኮንድ ከ110 ሜትር በላይ ትጓዛለህ። መኪናው ከነጭነቱ 36 ቶን ነበር። ስልኬ ላይ የዲስፓቸሩ መልእክት ይበራል፦ «የት ደረስክ?»

በወሩ የከተማ ሥራ ያዝኩ።

አባትህን አከብራለሁ። ግን ጣሪያው ስድስት ወር ቢዘገይ ቤቱ አይፈርስም። የማይል ክፍያውን ነግረሃቸዋል፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኛስ? ደውልና እሱንም ንገራቸው። ከዚያ «በየወሩ የምልከው ይሄን ያህል ነው» ብለህ ቁርጡን አሳውቃቸው።

ትራክ ስለመግዛት ላነሳኸው፣ ሁለት ዓመት ሳትነዳ አታስበው። ከጓደኛህ ጋር በቲም፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው እየተኛ፣ መንዳቱም፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የሚወስድህ ከሆነ ብቻ ነው።

የፌዴራል ሕጉ ደክሞህ እያለ ንዳ ብሎ ማስገደድን ይከለክላል። ወደፊት ረጅም መንገድ ብትገባም ይህን ያዝ። ለአሁኑ ግን የቀኑን ሥራ ውሰድ። እስከ ዓርብ መልስህን ይጠብቃሉ ብለሃል። ዓርብን አትጠብቅ፣ ነገ ጠዋት ደውልላቸው።