ስከል (ራስ ቅል) ለፈተና ብቻ ነው ወይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከተረኛነት ስወጣ አየሁት። «ፒሲ ዋን (የሕክምና ተማሪ፣ ቅድመ ክሊኒካል አንድ) ነኝ፣ የስከል ፎራሚናዎች (ቀዳዳዎች) አልገቡኝም፣ ስፖት ፈተና (አጥንቱን እያዩ ስሙን የሚመልሱበት) ደርሷል። ሸምድጄ ልለፈው ወይስ ክሊኒካል ላይ እውነት ይጠቅማል? የፕላስቲክ ሞዴልስ ልግዛ?» ነው ያልሽው። ከመለሱልሽ ውስጥ ብዙ ላይክ ያገኘው «ሸምድጂና እለፊ፣ ኋላ ማንም አይጠይቅሽም» የሚለው ነው። ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምሠራው ሲቲ ስካን በሌለበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፤ ከፒሲ ዋን ትምህርት ሁሉ እንደ ራስ ቅል በየጊዜው የምፈልገው የለም። 22ቱን አጥንቶች ታውቂያቸዋለሽ ብዬ በቀጥታ ልግባ።

1. አጥንቱን በእጅሽ ያዢ። በስላይድ የተማርሽው ስከል በፈተናው ቀን ትንሽ ዞር ተደርጎ ሲቀመጥ ይጠፋብሻል። እኛ ጋ አጥንት ክፍሉ ሁልጊዜ ቁልፍ ነበር። ስንጠይቅ «ደብዳቤ አምጡ» ተባልን፤ ደብዳቤው ሲመጣ «ማኅተም የለውም»፤ ማኅተሙ ሲገኝ ባለ ቁልፉ የለም። «እናንተ አጥንት መስበር እንጂ ምን ታውቃላችሁ» ያለን ሰው ፊቱ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ለተማሪ የተገዛ አጥንት ተቆልፎበት አቧራ ሲለብስ ማየት አሁንም ያንገበግበኛል። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ መምህር በምሳ ሰዓት ይከፍቱልን ጀመር፤ እግዜር ይስጣቸው። እናንተ ጋ ክፍት ከሆነ ምሳሽን አዘግይተሽ ግቢ።

ስትገቢ ክዳኑ የተነሳውን ቅል ወደ መስኮት አዙሪና ከውስጥ ተመልከቺ። ከዚጎማቲክ አርች (ከጉንጭ አጥንት ቅስት) መሃል 4 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለው አካባቢ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ብርሃኑ ራሱ ይነግርሻል። ፍሮንታል፣ ፓራይታል፣ ቴምፖራልና ስፊኖይድ የሚባሉት አጥንቶች የሚገናኙበት ቴሪዮን እሱ ነው። በውስጥ በኩል ጣትሽን ስትሰጂበት ቦይ ይሰማሻል፤ የአንጎልን ሽፋን የሚመግበው ደም ቧንቧ፣ የሚድል ሜኒንጂያል አርተሪ መንገድ ነው።

2. ፎራሚናዎቹን በስም ዝርዝር አትያዢያቸው፤ በውስጣቸው የሚያልፈውን ነገር ተከትለሽ ሂጂ። ያንኑ አርተሪ ያዢ፦ ከማክሲላሪ አርተሪ ይነሳል፣ በፎራመን ስፒኖሰም ሽቅብ ይገባል፣ በአጥንቱና በዱራው (በአንጎል ውጫዊ ሽፋን) መካከል ይወጣል፣ ፊተኛው ቅርንጫፉ ቴሪዮን ሥር ያልፋል። ስፒኖሰምን አንዴ ካገኘሽ ከፊቱ ኦቫሌ አለ፣ የትራይጀሚናል (የፊት ስሜት ነርቭ) ሦስተኛው ቅርንጫፍ ይወጣበታል፤ ወደ ፊት ቀጥለሽ ሮተንደም፣ ሁለተኛው ቅርንጫፍ። ጁጉላር ፎራመንም እንዲሁ ነው፦ 9ኛ፣ 10ኛና 11ኛ የራስ ቅል ነርቮች አብረው ስለሚወጡ ድምፁ የሻከረ፣ መዋጥ ያቃተውና ትከሻው የወደቀ ሰው ሲመጣ ሦስት በሽታ አትፈልጊም፤ አንድ ቀዳዳ ነው የምትፈልጊው።

3. ቴሪዮንን ግን ለብቻው ያዢው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

አንድ ወጣት ጠብ መሃል ገብቶ ከጆሮው ከፍ ብሎ ወደ ዓይኑ ጠጋ ያለው ቦታ ላይ በዱላ ይመታል። ወድቆ ለጥቂት ጊዜ ራሱን ሳተ፤ ከዚያ ተነስቶ በእግሩ ጤና ተቋም ሄደ። ቁስል የለውም፣ ያወራል፣ ይራመዳል፤ ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማታ ራስ ምታቱ ጠንክሮበት እያስመለሰው ቤተሰቦቹ እኛ ጋ አመጡት። ያኔም ያወራል፤ ጂሲኤሱ (የንቃት መለኪያው) ሙሉ 15 ነው። እጄን ያበጠው ቦታ ላይ ሳሳርፍ ያ በመስኮት ብርሃን ያየሁት ቅል ፊቴ ላይ መጣ። ስቶ ነቅቷል፣ ደህና ሆኗል፣ አሁን እየባሰበት ነው፣ የተመታው ቴሪዮን ላይ ነው። ዱራውን ከአጥንቱ እየላጠ የሚጠራቀም ደም (ኢፒዱራል) እንዲህ ነው የሚያታልለው፤ መሃል ላይ ያለችው የደህንነት ሰዓት ሁሉም ላይ አትታይም፣ ስትታይ ግን ብዙ ሰው ታዘናጋለች።

ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ ሊያዞን ቢሮ (ታካሚ የሚቀበለው ክፍል) ደወልኩ። «ጂሲኤስ 15 ለሆነ ሰው አልጋ አልይዝም» አለኝ። ቦታውንና ታሪኩን ዘርዝሬ ነገርኩት። «ሲቲ ሳታሳይ ኢፒዱራል የምትለው ማን አስተምሮህ ነው?» ብሎ ዘጋው። ሲቲ ቢኖረኝማ መች እደውልልህ ነበር! ይህን ንቀት በገጠር የሚሠራ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩን እንደዘጋብኝ ልጁን የምትከታተለው ነርስ ጠራችኝ፦ ልጁ መፍዘዝ ጀምሯል፣ በተመታበት በኩል ያለው የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፣ የልብ ምቱ ወርዶ ደም ግፊቱ ወጥቷል። አንጎሉ ተገፍቶ ብሌኑን የሚቆጣጠረውን ሦስተኛውን ነርቭ እየተጫነው ነው ማለት ነው። ጭንቅላቱን ከፍ አደረግን፣ ኦክስጅንና ማኒቶል (የአንጎል ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት) ሰጠን፣ የሊያዞኑን እሺታ ሳልጠብቅ ከነርስ ጋር በአምቡላንስ ላክሁት፤ ለተረኛው የቀዶ ሕክምና ሐኪምም በግል ስልኩ ደወልኩ። ሲቲው ላይ በሁለት በኩል ያበጠ የሌንስ ቅርጽ ያለው ደም ታየ፤ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ገባ። ከሳምንታት በኋላ በእግሩ መጥቶ አመሰገነን። በሥራዬ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም፤ ያዳነው ደግሞ ማሽን ከመገኘቱ በፊት ቦታውን ማወቅ ነው።

4. ስፌቶቹን (ሱቸር) አትናቂ። ዱራው ስፌቶቹ ላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ኢፒዱራል ደም አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አያልፍም፤ ለዚህ ነው ሌንስ የሚመስለው። ሰብዱራል የሚባለው ደም ከዱራው በታች ስለሆነ ስፌት አያግደውም፣ እንደ ማጭድ ተጠማዝዞ ይሰራጫል። ይኸው ሕግ ከአጥንቱ ውጭም ይሠራል። ማዋለጃ ክፍል ስትገቢ የሕፃኑ ራስ ላይ ያለ እብጠት በአንድ አጥንት ድንበር ከቆመ ሴፋልሄማቶማ (በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ያለ ደም) ነው፤ ስፌት ተሻግሮ በተወለደ በቀናት ውስጥ ከጠፋ ካፑት (የራስ ቆዳ እብጠት)። ስፌት ተሻግሮ እየጨመረ የሚሄድና ሲነካ የሚዋልል ከሆነ ግን ደሙ ሰፊ ቦታ ስላገኘ ሕፃኑ ብዙ ደም ሊያጣ ይችላል፤ ቶሎ ሰው ጥሪ። እዚያው ሳለሽ እናቶች ቅቤ የሚያደርጉበትን እርግብግቢት በጣትሽ ዳስሺ፤ ሕፃኑ ሳያለቅስ ቀና አድርገሽ። ከጎደጎደ ፈሳሽ አልቆበታል፣ ከተወጠረ ማጅራት ገትርን አስቢ። የፊተኛው እስከ 18 ወር ገደማ ክፍት ስለሚቆይ ያለ ምንም መሣሪያ የምታነቢው ነገር ነው።

5. ክሪብሪፎርም ፕሌትን (አፍንጫን ከአንጎል የሚለየውን አጥንት) አይተሽ ስስነቱን ካወቅሽ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ የጠቆረ ወይም ከአፍንጫው ንጹሕ ውሃ የሚወርድ የአደጋ ታካሚ ላይ በአፍንጫ ቱቦ አታስገቢም። በአፍ ነው። ከጆሮ ጀርባ ማስቶይድ ላይ የሚወጣ ጥቁረትም የቅሉ መሠረት መሰበሩን ይጠቁማል፤ ግን ቆይቶ ስለሚታይ መጀመሪያ አለመኖሩ አያዝናናሽ።

ሞዴሉን በተመለከተ፦ ገንዘብ ካለሽ ግዢ፣ ግን ርካሹን አይደለም። ርካሾቹ ላይ ስፒኖሰምና ስታይሎማስቶይድ የሚባሉት ቀዳዳዎች ነጥብ ብቻ ናቸው፣ አልተበሱም። ከመክፈልሽ በፊት ቀጭን ሽቦ ይዘሽ ሂጂና በስፒኖሰም አሳልፊው፤ ካላለፈ መልሺላቸው። ለቴሪዮን ስስነት ግን ፕላስቲኩ አያገለግልሽም፣ ለሱ አጥንት ክፍሉ ይከፈትላችሁ ዘንድ ከክፍል ተወካያችሁ ጋር ሆናችሁ አሁኑኑ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አስገቡ።