የኔብራስካው ሴናተር ኧርኒ ቻምበርስ በምክር ቤት 46 ዓመት እንዴት ቆዩ?

ጥያቄ፦ የመጽሔቱ አዘጋጆች ሆይ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጎንደር አራዳ ፀጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። አሜሪካ ኦማሃ ከተማ የምትኖረው እህቴ፣ እዚያ ፀጉር አስተካካይ የነበሩ ኧርኒ ቻምበርስ የሚባሉ ሰው ምክር ቤት ገብተው 46 ዓመት እንደቆዩ በስልክ አጫወተችኝ። ይህንኑ ለደንበኞቼ ብነግራቸው ግማሾቹ «ይህን ያህል ከተቀመጠማ ወንበሩን ርስት አድርጎታል» አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ሕዝቡ ከመረጠው ምን ይከፋል?» ብለው ተሟገቱ። ለመሆኑ ነገሩ እውነት ነው? ፓርቲ የሌለው አንድ ሰውስ በዚያ ሁሉ አባል መካከል ምን መሥራት ይችላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ እህትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። በ1937 ኦማሃ የተወለዱት ጥቁር አሜሪካዊው አቶ ቻምበርስ በ1970 ተመርጠው ከ1971 እስከ 2009፣ ዳግመኛም ከ2013 እስከ 2021 የሰሜን ኦማሃን ነዋሪዎች በኔብራስካ ግዛት ምክር ቤት ወክለዋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ምክር ቤት በዋሽንግተን ካለው የአገሪቱ ምክር ቤት የተለየ ነው፤ በእኛ አነጋገር የክልል ምክር ቤት ልንለው እንችላለን። ከ50ዎቹ ግዛቶች መካከል አንድ ምክር ቤት ብቻ ያላት ኔብራስካ ስትሆን፣ 49ኙ አባላት ሴናተር ይባላሉ፤ በምርጫ ወረቀቱ ላይም ከስማቸው አጠገብ የፓርቲ ስም አይጻፍም። ደመወዛቸው በዓመት 12,000 ዶላር ብቻ በመሆኑ፣ ወንበሩ ለሀብት ተብሎ የሚያዝ አይደለም።

አንድ ሰው ምን ሊሠራ ይችላል ላሉት፣ መልሱ ያለው በምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ በአንዱ ዓመት 90፣ በሚቀጥለው 60 የሥራ ቀን ብቻ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ረቂቅ ሕግ በሦስት ዙር ማለፍ ሲኖርበት፣ በየዙሩ የማሻሻያ ሐሳብ የሚያቀርብ አባል በእያንዳንዱ ሐሳብ ላይ አዲስ ክርክር ማስከፈት ይችላል። ክርክሩ በግድ እንዲዘጋ ደግሞ የ33 አባላት ድምጽ ያስፈልጋል። አቶ ቻምበርስ ይህን ደንብ ሌሎቹ ባልደከሙበት መጠን አጥንተው ስለነበር፣ የማይስማሙበት ረቂቅ ሲመጣ ማሻሻያ በማሻሻያ ላይ እየደራረቡ ለሰዓታት ይናገሩ ነበር። ቀኑ የተቆጠረ ጉባኤ በአንድ ረቂቅ ላይ ሰዓታት ሲያልቁበት የሌሎች አባላት ረቂቆች ተራ ሳይደርሳቸው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ብዙ ሴናተሮች ረቂቃቸውን ወደ ጉባኤው ከማምጣታቸው በፊት እሳቸውን ማነጋገር ግድ ይሆንባቸው ነበር። የሕግ ትምህርታቸውን በክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት ምክር ቤት ከገቡ በኋላ ሲሆን፣ ወደ ጠበቆች ማኅበር ግን አልገቡም።

ይህ ብልሃት ለማገድ ብቻ የዋለ አይደለም። ጥቁሮች በአንድ የከተማ ክፍል ተሰባስበው በሚኖሩበት ኦማሃ፣ የከተማው ምክር ቤት አባላት ቀድሞ የሚመረጡት በመላው ከተማ ድምጽ ስለነበር የሰሜኑ ሰፈር ሰው ማሸነፍ አይችልም ነበር፤ እሳቸው ግን ምርጫው በየወረዳው እንዲሆን የሚያደርገው ሕግ እንዲወጣ ታግለው ተሳክቶላቸዋል። እኔ ከሥራቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም እሳቸው ከሄዱ በኋላም የሰፈሩ ሰዎች የራሳቸውን ተወካይ መላክ ይችላሉ። በ1980ም በደቡብ አፍሪካ የነበረውን የአፓርታይድ ሥርዓት በመቃወም፣ የግዛቲቱ ገንዘብ እዚያ ከሚነግዱ ኩባንያዎች እንዲወጣ ከግዛት ምክር ቤቶች ቀድሞ የጠየቀው የኔብራስካው ነው።

ከሁሉ የረዘመው ትግላቸው የሞት ቅጣትን ማስቀረት ነበር። በ1979 ምክር ቤቱ ቅጣቱን የሚያስቀረውን ረቂቅ ቢያጸድቅም አገረ ገዥው ውድቅ አደረጉት። አቶ ቻምበርስ ረቂቁን ደግመው ደጋግመው ሲያቀርቡ ኖረው ግንቦት 2015 ላይ ጸደቀ፤ ያኔ የነበሩት አገረ ገዥም ውድቅ ቢያደርጉት፣ ውሳኔያቸውን ለመሻር ከሚያስፈልገው 30 ድምጽ ልክ 30 ተገኘ። አብላጫው ወግ አጥባቂ በሆነ ምክር ቤት ይህን ያህል ድምጽ መገኘቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ይሁን እንጂ በኅዳር 2016 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ የሞት ቅጣቱ ተመለሰ፤ በ2018ም አንድ እስረኛ ተገደለ።

ወደ ርስቱ ክርክር ልመለስ። የኔብራስካ መራጮች በ2000 አንድ ሴናተር በተከታታይ ከሁለት ዘመን፣ ማለትም ከ8 ዓመት በላይ እንዳይቀመጥ ወሰኑ፤ ብዙዎች ውሳኔው ያነጣጠረው በአቶ ቻምበርስ ላይ ነው ይሉ ነበር። በዚሁ ምክንያት በ2009 ለቀቁ። አራት ዓመት ውጭ ከቆዩ በኋላ በ2012 ተወዳድረው፣ በወንበሩ ላይ የነበሩትን ሴናተር አሸንፈው ተመለሱ፤ በ2021 ሁለተኛው ዘመን ሲያልቅም እንደገና ወጡ። ርስት በውርስ የሚያዝ ነው፤ ይህ ወንበር ግን በየአራት ዓመቱ በድምጽ ይጠየቅ ስለነበር፣ እኔ ከሁለተኞቹ ደንበኞችዎ ጋር ነኝ።

በሁሉም ነገር እስማማለሁ ማለት ግን አይደለም። ምክር ቤቱ ስብሰባውን በጸሎት የሚከፍት ካህን በሕዝብ ገንዘብ ቀጥሮ ስለነበር፣ አቶ ቻምበርስ ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ከሰሱ፤ በ1983 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምጽ ፈረደባቸው። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ አቋም ሊከብደን ይችላል፤ ለእኔም ይከብደኛል። አንደበታቸውም የሰላ ስለነበር ባልደረቦቻቸውን ብዙ ጊዜ አስቀይመዋል።

እህትዎ ነገሩን በዓይናቸው ማየት ቢፈልጉ፣ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ሊንከን ከኦማሃ የሚርቀው ደባርቅ ከጎንደር ከሚርቀው ባነሰ መንገድ ነው። በኔብራስካ እያንዳንዱ ረቂቅ ሕግ ሕዝቡ በተገኘበት ስብሰባ ይደመጣል፤ ሐሳብ ያለው ሰውም ቀርቦ ስሙን አስመዝግቦ መናገር ይችላል።