ከአያቴ የወረስኩትን ሽጉጥ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። አያቴ ካረፈ በኋላ እቃው ሲከፋፈል ማንም ያልፈለገው አንድ አሮጌ ሽጉጥ ለኔ ደረሰኝ። ትንሽ ነው ግን ከበድ ይላል፣ ከቆዳ ማህደሩ ጋር ነው ያለው። ጎኑ ላይ ፒ. ቤሬታ፣ 9 ኮርቶ፣ 1934፣ ጋርዶኔ የሚል ጽሁፍ አለ፣ ቀጥሎ 1937 ይልና ሰረዝ አድርጎ የሮማ ቁጥር 15 ተጽፎበታል፣ ከኋላው ደሞ አር እና ኢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ። እዚህም እዚያም ዝገት ጀማምሮታል። ወንድሜ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አዲስ ላስመስልልሽ ይላል፣ አክስቴ ደሞ ሸጠሽ ተገላገይው ትላለች። እኔ ስለ መሳሪያ ምንም አላውቅም ግን አያቴ እድሜውን ሙሉ በጥንቃቄ ያስቀመጠው ነገር ስለሆነ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ከቻልኩም ልደሰትበት። መተኮስስ ይችላል? አንባቢዎ።

መልስ፦ ልጄ ነፍስ ይማር፣ አያትሽ ጥሩ ነገር ነው የተዉልሽ። ወንድምሽን ግን ዛሬውኑ አስቁሚልኝ! የብርጭቆ ወረቀቱ ያንን ብረት አንዴ ከነካው የሚመለስ ነገር የለም፣ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ ግን ከሱ በፊት የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ። አያቴ ጥይት አያስቀምጥበትም ነበር የሚባል ነገር አይሰራም፣ ያረጁ ሽጉጦች ሰው የሚጎዱት ባዶ ነው ተብለው ነው። ካዝናው መውጣቱ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም ምክንያቱም አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርታ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጎ፣ ጣትን ከምላጩ አርቆ፣ እጀታው ግርጌ ከኋላ ያለችውን መያዣ ወደኋላ ገፍቶ ካዝናውን ማውጣት፣ ከዛ ከላይ የሚንሸራተተውን ብረት (ስላይዱን) ወደኋላ ስቦ በርሜሉን በአይን ማየት፣ በትንሿ ጣትም ዳብሶ ማረጋገጥ ነው። መሳሪያ ይዘሽ የማታውቂ ከሆነ ይሄንን አንቺ አታድርጊው፣ የሚያውቅና ፈቃድ ያለው ሰው ያድርግልሽና አጠገቡ ቆመሽ እይ። ሌላው ደሞ በዚህ ሽጉጥ ላይ ሴፍቲውን (እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን) እንዳታምኚው፣ በግራ በኩል ከምላጩ በላይ ያለችው የምትዞር ነገር ናት፣ እሷ የምትቆልፈው ምላጩን ብቻ ነው፣ ከኋላ ያለውን መዶሻ አትይዘውም። ስለዚህ ጥይት አጉርሶ ሴፍቲ አድርጌዋለሁ ብሎ ማስቀመጥ በዚህ ሽጉጥ አይታሰብም።

ሁለተኛው ፈቃዱ ነው። እቃው በውርስ ይተላለፋል፣ የመያዝ ፈቃድ ግን የሟች ነው፣ አብሮ አይወረስም። ህጉ ከአገር አገር በጣም ስለሚለያይ መጀመሪያ ለሚመለከተው የፖሊስ ክፍል ደውለሽ ወይ ሽጉጡን ሳትይዢ ሄደሽ እንዲህ ያለ ነገር ወርሻለሁ ምን ላድርግ በያቸው። በቦርሳሽ ይዘሽው ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ፣ ልታስመዘግቢ ብትሄጂም በመንገድ ላይ ያለፈቃድ የያዝሽ ሰው ነሽ። ሲሪያል ቁጥሩን በፎቶና በወረቀት ይዘሽ ብትሄጂ ግማሹ ስራ አለቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር እንምጣ። በእጅሽ ያለው ቤሬታ ሞዴል 1934 ይባላል፣ ቱሊዮ ማሬንጎኒ የሚባል የቤሬታ ድርጅት መሀንዲስ የነደፈው የጣሊያን ጦር ሽጉጥ ነው። የጣሊያን ጦር የጀርመኑን ዋልተር ፒፒ ሽጉጥ አይቶ ሲከጅለው ቤሬታ ገበያው ከእጁ እንዳይወጣ ብሎ ነው ይሄንን ይዞ የቀረበው። ጋርዶኔ ያልሽው ፋብሪካው ያለበት ከተማ ነው፣ ሰሜን ጣሊያን ብሬሻ አጠገብ ባለ ሸለቆ ውስጥ፣ እዛ ሸለቆ ውስጥ የብረት ስራ ከጥንት ጀምሮ አለ፣ ቤሬታዎችም እ.ኤ.አ. በ1526 ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት 185 የጠመንጃ በርሜል የሸጡበት ሰነድ እስካሁን አለ። ያንቺ ሽጉጥ እንግዲህ ከዛ ሁሉ ዘመን በኋላ ከዛው ሸለቆ የወጣ ነው።

9 ኮርቶ ማለት አጭሩ 9 ሚሊሜትር ጥይት ነው። ይሄን በደንብ ያዢው፣ ቀለሁ 17 ሚሊሜትር ነው ርዝመቱ፣ ዛሬ 9 ሚሊሜትር ሲባል ሁሉም የሚያስበው ግን ፓራቤለም የሚባለውን 19 ሚሊሜትሩን ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ጉልበታቸውም አይገናኝም። 9 ኮርቶ በሌላ ስሙ 9 ኩርዝ ወይም 380 ይባላል፣ ሁሉም ያው አንድ ጥይት ነው። ሱቅ ሄዶ 9 ስጡኝ ብቻ የሚል ሰው የማይሆን ነገር ይዞ ይመለሳል።

ከሁሉም እኔ የምወደው ግን ያቺን 1937 እና የሮማ ቁጥር 15ን ነው። የሙሶሊኒ መንግስት የራሱ አቆጣጠር ነበረው፣ ፋሽስቶች ወደ ሮም ከዘመቱበት ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ጀምሮ አመተ ፋሽስት እያለ ይቆጥርና በሮማ ቁጥር ይጽፈው ነበር፣ እቃው ላይ ሳይቀር። 15ኛው አመት የሚጀምረው በኦክቶበር 1936 መጨረሻ ሲሆን የሚያልቀው በኦክቶበር 1937 መጨረሻ ነው። እና ሽጉጡ ላይ 1937ም 15ም አንድ ላይ ካሉ ሁለቱ የሚገናኙት ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 1937 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። አየሽ? አንድ መስመር ጽሁፍ አመቱን ብቻ ሳይሆን ወራቱን ሁሉ አጠበበልሽ። (አቆጣጠሩ የፈረንጅ መሆኑን እንዳትረሺ፣ በኛ ካሰላሽው ከ1929 ታህሳስ መጨረሻ እስከ 1930 ጥቅምት ነው።) አር እና ኢ ደሞ በጣሊያንኛ የንጉሳዊ ጦር ምህጻረ ቃል ነው፣ ማለትም ለምድር ጦር የተሰጠ ነው። ባህር ሀይል ቢሆን አር እና ኤም፣ አየር ሀይል ቢሆን አር እና ኤ፣ ፖሊስ ቢሆን ፒ እና ኤስ ነው የምታገኚው። ለሩማንያ የተሰሩት ላይ 9 ኮርቶ በማለት ፈንታ 9 ስኩርት ተብሎ ተጽፏል፣ ጣሊያን ለሁለት ከተከፈለች በኋላ በጀርመኖች ስር የተሰሩት ላይ ደሞ 4 ዩቲ የሚል ምልክት ይገኛል። ተመሳሳይ መስሎ የሚታይ ሽጉጥ ሁሉ እንዲህ የየራሱ ታሪክ አለው።

እና የወንድምሽ የብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ የሚበላው ምን ይመስልሻል? እነዚህን ፊደሎች ነዋ! ጠርዛቸው ይደበዝዛል፣ ከፋብሪካ የወጣበት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ሽጉጡ የሚያብለጨልጭ ግን ምንም የማይናገር ብረት ነው የሚሆነው። ኒኬል ማስለበስና እንደገና ቀለም ማስነከርም ያው ነው። የሚሰበስቡ ሰዎች የተፋቀ እንጂ ያረጀ አይጠሉም፣ መያዣው ላይ እጅ ያሻሸው ቦታ፣ ማህደሩ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አፈሙዙ አካባቢ የነጣው፣ ያ ሁሉ የአያትሽ እጅ ነው፣ እንዴት ይፋቃል? ዝገቱን በቀጭን የመሳሪያ ዘይት አርሰሽ አንድ ሁለት ቀን ተዪው፣ ከዛ በጨርቅ ቀስ ብለሽ እሺው፣ እምቢ ካለ በጣም ስሱ የሆነውን የነሀስ ሱፍ በዘይት ነክረሽ ሳትጫኚ ሞክሪ። ቀዩ ዱቄት ዝገት ይልቀቅ እንጂ ከስሩ ያለው ጠቆር ያለ ነገር ይቅር፣ እሱ አይበላውም። የእጅ ላብ ጨው አለው፣ ስለዚህ ነክተሽው ስትጨርሺ ሁሌ ዘይት በነካው ጨርቅ ጠራርጊው።

ማህደሩ ውስጥም እንዳታስቀምጪው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳው ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ብረቱን ይበላዋል፣ እዚህም እዚያም ዝገት ያልሽው ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። ማህደሩን ለብቻ አስቀምጪው እንጂ እንዳትጥይው፣ ውስጡን በባትሪ እይ፣ አንዳንዴ ማህተም ወይ ስም ይገኝበታል። ሽጉጡ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከምትመጥ ከረጢት ጋር ይቀመጥ (ያቺ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው)፣ ጥይት ካለ ለብቻው ሌላ ቦታ ይቆለፍ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደሞ ይሄ ላይ ድርድር የለም።

መደሰቱን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ሽጉጥ መደሰት ማለት መተኮስ ብቻ ይመስለዋል፣ ለኔ ግን ዋናው ደስታ መፍታቱ ላይ ነው። ይሄ ሽጉጥ ያለ ምንም መፍቻ ነው የሚፈታው። ባዶነቱ ከተረጋገጠና ካዝናው ከወጣ በኋላ ስላይዱን ወደኋላ ስበሽ ሴፍቲዋን ወደላይ ስታዞሪያት ስላይዱ ላይ ካለው ጉድጓድ ገብታ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፣ ከዛ በርሜሉን ከአፈሙዙ በኩል ወደኋላ ገፋ ስታደርጊው ይለቅና በክፍቱ ጀርባው በኩል ብድግ ብሎ ይወጣል። ከዛ ስላይዱን በደንብ ይዘሽ ሴፍቲዋን መልሰሽ ወደፊት ማውጣት ነው፣ ከስር ሞላው አለ፣ እንዳያመልጥሽ። ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጊያቸው ክፍሎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። አሰራሩም ግልጽ ነው፣ ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ ወደኋላ ስላይዱን ይገፋዋል፣ የሚቆልፈው ነገር የለም፣ የሚያዘገየው የስላይዱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው፣ ሲመለስ አዲስ ጥይት ከካዝናው ይዞ ይገባል። አንዴ ይሄንን በእጅሽ ካየሽው ለምን ደካማ ሞላ አደገኛ እንደሆነ፣ ለምንስ ጠንካራ ጥይት እንደማይሰጠው ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል።

መተኮስ ይችላል ወይ ላልሽው፣ ብዙዎቹ ይተኩሳሉ፣ ጠንካራ ሽጉጥ ነው። ግን መጀመሪያ የመሳሪያ ጥገና ባለሙያ ይየው፣ በርሜሉ ውስጡ እንዴት እንደሆነ፣ መርፌው (የጥይቱን ቂጥ የሚመታው) አለመሰንጠቁን፣ ስላይዱ ላይ ስንጥቅ አለመኖሩን። ሞላውን በአዲስ ቀይሪው፣ የድሮውን ግን ስም ጽፈሽ አስቀምጪው። ሳይተኮስ ምላጭ እየሳቡ ማጫወትም ይቅር፣ ያረጀ መርፌ በዛ ይሰበራል። ከዛ ፈቃድ ያለው የተኩስ ሜዳ ላይ፣ የጆሮና የአይን መከላከያ አድርገሽ፣ አስተማሪ አጠገብሽ ቆሞ፣ አዲስ የፋብሪካ ጥይት መጀመሪያ አንድ ብቻ ካዝናው ውስጥ አድርገሽ ሞክሪው። ካዝናው 7 ይይዛል ግን ሰባቱንም መሙላት የመጀመሪያ ቀን ስራ አይደለም። ማነጣጠሪያው ጥቃቅን ስለሆነ ኢላማውን ከ10 ሜትር አታርቂው። አንድ የምትወጂው ነገር ልንገርሽ፣ የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ስላይዱ ወደኋላ ቀርቶ ይቆማል፣ የያዘው ግን ካዝናው ውስጥ ያለችው ጥይት ገፊ ብረት ናት፣ ስለዚህ ካዝናውን ለማውጣት ታግለሽ ነው፣ ሲወጣ ደሞ ስላይዱ ጧ ብሎ ይዘጋል። ተሰበረ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ሲሰራ ጀምሮ ጸባዩ ነው።

አክስትሽን በተመለከተ፣ መሸጥ ነውር አይደለም፣ ግን አሁን አትሽጪ። መጀመሪያ ስላይዱና እጀታው ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን እይ፣ እያንዳንዱን ምልክት ፎቶ አንሺ፣ ከዛ አክስትሽን ራሷን አስቀምጠሽ ሽጉጡ ከየት መጣ፣ አያቴ መቼ አገኘው፣ ማን ሰጠው እያልሽ ጠይቂያትና ቀን ጽፈሽበት አብረሽ አስቀምጪ። ብረቱ የተሰራበትን ጊዜ ራሱ ይነግርሻል፣ አያትሽ እጅ እንዴት እንደገባ ግን የሚያውቀው ሰው ነው፣ እሷ ደሞ አሁን አለች።

ጥያቄ፦ ከአባቴ ሽጉጥ ጋር በጨርቅ የተጠቀለሉ የድሮ ጥይቶች አገኘሁ፣ አንዳንዶቹ አረንጓዴ ነገር አውጥተዋል። መተኮስ ይቻላል ወይስ ልጣላቸው?

መልስ፦ አይተኮሱም፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉም። የዛ ዘመን ጥይት ቂጡ ላይ ያለው ማቀጣጠያ ብዙ ጊዜ ጨው የሚተው አይነት ነው፣ ተኩሰህ ወዲያው ካልታጠበ በርሜሉን በጥቂት ቀን ያዝገዋል፣ ባሩዱም ከተበላሸ ጥይቱ በርሜል መሀል ሊቀረቀር ይችላል፣ ቀጥሎ የሚተኮሰው ደሞ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። አታሻቸው፣ አትፍታቸው፣ ለፖሊስ ደውለህ እንዴት እንደሚረከቡህ ጠይቅ። ባዶ የወረቀት ፓኮው ካለ እሱን አስቀረው፣ ለታሪኩ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ መተኮስ አልፈልግም፣ ለማስታወሻ ብቻ ነው። እንዳይተኩስ አድርጎ ማስደፈን ይሻላል?

መልስ፦ የምትኖርበት አገር ህግ ሌላ አማራጭ ካልሰጠህ ብቻ። ሲደፈን በርሜሉ ይበሳል ወይ ይበየዳል፣ ስላይዱም ይቆረጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል፣ መልሶ ማዳን ደሞ የለም። ፈቃድ ማውጣት ከቻልክ እንዳለ ቆልፈህ አስቀምጠው፣ ካልቻልክ ግን ከእጅህ ወጥቶ ከሚቀልጥ ተደፍኖም ቢሆን አንተ ጋር ቢቆይ እመርጣለሁ። ማስደፈኑንም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚሰራው፣ የምስክር ወረቀቱን ሳትቀበል አትውጣ፣ በራስህ በመጋዝ የቆረጥከው ሽጉጥ በብዙ አገር ህግ አሁንም ሽጉጥ ነው።