ባለክዳኗ ሸረሪት ነከሰችኝ፤ ጣቴን ልብጣው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት ጓሮዬን ስኮተኩት እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች የአፈር ክዳን አየሁ። በጣቴ ገለጥ ሳደርጋት ጥቁር ወፍራም ሸረሪት ብቅ ብላ ነከሰችኝና ተመልሳ ገባች። ሁለት ነጥብ የመሰለ ቁስል አለኝ፤ አብጧል፣ ይጠዘጥዛል። ጎረቤቴ «በምላጭ ብጣና ደሙን አፍስስ፤ ክንድህንም ጥብቅ አድርገህ እሰር» አለኝ። ልስማው? ጉድጓዱ ውስጥስ የፈላ ውሃ ላፍስስ?

መልስ፦ ምላጩን ያስቀምጡ። ገመዱንም እንዲሁ።

እንደ ገለጻዎ ከሆነ የነከሰችዎ ጉድጓዷን በድር ለብጣ፣ አፉን በአፈርና በድር ክዳን የምትዘጋ ሸረሪት ናት። ረጃጅም ጥርሶቿ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ታች ስለሚወጉ ሁለት ነጥብ ማየትዎ አይገርምም። መርዟ ነፍሳትን ለመግደል እንጂ ሰውን ለመጉዳት የሚበቃ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም፣ መቅላትና እብጠት አስከትሎ ይበርዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። የቲታነስ ተህዋሲ የሚኖረው አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ አፈር የነካው ቁስል ያለበት ሰው የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። መብጣት ደግሞ መርዙን አያወጣም፤ ለተህዋስያን ተጨማሪ በር ይከፍታል። ይልቅ ጣትዎን በሳሙናና በውሃ በደንብ ይጠቡ፤ ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይብስ አሁኑኑ ያውልቁ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዙበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። መቅላቱ በየቀኑ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይየው። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን አለርጂ ነውና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ይህን ምክር ሳልለውጥ የማልሰጠው በምሥራቅ አውስትራሊያ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ የሲድኒ ፈነል ዌብ የሚባለው ሸረሪት ከዚህችው ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ እሱ ገዳይ ነው። የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ ብዙ ላብና ምራቅ፣ የጡንቻ መንዘር ያስከትላል። እዚያ ትልቅ ጥቁር ሸረሪት የነከሰው ሰው ምልክት ሳይጠብቅ እግሩ ወይም እጁ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ሳይንቀሳቀስ ሆስፒታል ይደርሳል። ፀረ መርዙ እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በዚህ ሸረሪት የሞተ ሰው አልተመዘገበም።

የፈላ ውሃውን ይተዉት። የባለክዳን ሸረሪቶች ሴቶች ቤታቸውን ትተው ሰው አያሳድዱም፤ ለመጋባት የሚንከራተቱት ወንዶቹ ናቸው። በምዕራብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የተከታተሏት ጋዩስ ቪሎሰስ የተባለ ዝርያ ሴት ሸረሪት አንድ ጉድጓድ ውስጥ 43 ዓመት ኖራለች። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ስንት ቤት እንደቀየርኩ አልነግርዎትም! የእርስዎዋም ክዳኗ ቢጎዳ ራሷ ትጠግነዋለች፤ እርስዎ በሚቀጥለው ጊዜ ጓንት ያድርጉ።