ስሕተቱን አውቀዋለሁ፤ ግን አልተውኩትም

ጥያቄ፦ ስለ አስተሳሰብ ስሕተቶች ሁለት ዓመት አነበብኩ፤ ሥልጠናም ወሰድኩ። የሰውን ስሕተት ወዲያው እለያለሁ፤ የራሴ ኑሮ ግን ፈቀቅ አላለም። ባለቤቴማ «የተማርከው ክርክር ብቻ ነው» ትለኛለች። ጊዜዬን ነው ያባከንኩት?

መልስ፦ ባለቤትዎ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። የስሕተትን ስም ማወቅና ስሕተቱን መተው ለየቅል ናቸው።

በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ነው። እኔ ይህን ጥናት ዓመታት አውቄው፣ ዓመታቱን ሁሉ ጽሑፍ ሳዘገይ ኖሬአለሁ! የጠቀመኝ አንድ ተራ ደብተር ነው። በግራ የገመትኩትን፣ በቀኝ የፈጀብኝን ሰዓት እጽፋለሁ። ይህን መልስ ስጀምር ልቤ «ሁለት ሰዓት» አለኝ፤ ገጹን ስገልጥ ያለፉት መልሶች አምስት አካባቢ ናቸው። አምስት ብዬ ያዝኩ። (አራት ተኩል ፈጀ።)

በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናትም የውሳኔ ችሎታን የሚለኩ ፈተናዎችን የተሻለ የሠሩ ሰዎች በኑሯቸው የገጠማቸው መጥፎ ውጤት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ግን ሥልጠና ኑሮን ይለውጣል ለማለት አያበቃም።

እርስዎ ከተማሩት አንዱን ብቻ ይያዙ፦ በየሳምንቱ የሚመላለስ ውሳኔ ላይ ግምትዎን አስቀድመው ይጻፉ፣ በኋላ ያመሳክሩ። ለአንድ ወር ደግሞ የባለቤትዎን ስሕተት አይቁጠሩ።