ከሕፃን ልብስ የሚሠራ የማስታወሻ ብርድ ልብስ፦ ረድፎቹ አልገጥም ሲሉ

ጥያቄ፦ ለልጄ የጠበቡ 28 ልብሶች ነበሩኝ፤ አብዛኞቹ ካናቴራና ቱታ ናቸው። ፊትና ጀርባቸውን እየቆረጥኩ ጎኑ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ 56 ካሬ አወጣሁ። 7 በ8 ደርድሬ ብርድ ልብስ ልሠራባቸው ነው ያሰብኩት። ለስፌት 1 ሳንቲ ሜትር እየተውኩ ሁለት ረድፍ ሰፋሁ፤ ሁለቱም 107 መሆን ሲገባቸው አንዱ 112፣ ሌላው 109 ሆነ። ስፌቱ እንደ ማዕበል ይነሳል፣ በካውያ ብጫነውም አልተኛልኝም። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ አንገት አካባቢ የቆየ ቢጫ የወተት እድፍ አለ። ልብሶቹን አበላሸኋቸው ማለት ነው?

መልስ፦ አላበላሿቸውም። 56ቱም ካሬዎች ይተርፋሉ። የሚያጡት ከእያንዳንዱ 1 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ ብርድ ልብሱም 105 በ120 መሆኑ ቀርቶ 98 በ112 ሳ.ሜ. ይሆናል።

ጥፋቱ የእጅዎ ሳይሆን የጨርቁ ጠባይ ነው። ሸሚዝም ሆነ አንሶላ ድርና ማግ አለው፤ ክሮቹ እርስ በርስ ተሻግረው ስለሚያያዙ ወደ ጎንም ወደ ታችም ቢስቡት እምብዛም አይለጠጥም። የካናቴራ ጨርቅ ድርና ማግ የለውም። ክሩ በቀለበት ውስጥ ቀለበት እየገባ የተሠራ ስለሆነ ሲሳብ ቀለበቶቹ ይከፈታሉ፤ በወርዱ በኩል ደግሞ ይብሳል። ከቁራጮችዎ አንዱን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ጎን ሳብ ያድርጉት፤ የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ደረቀ ቅጠል ሲጠቀለል ያዩታል። የስፌት መኪናው ጥርሶች የታችኛውን ጨርቅ ወደ ኋላ ሲስቡ እግሩ የላይኛውን ተጭኖ ያስቀረዋል። መርፌው በዚህ መሃል የተለጠጠውን ጨርቅ እንደተለጠጠ በክር ይቆልፈዋል። ካውያ ያልመለሰልዎት ለዚህ ነው፤ ክሩ ይዞታል።

ስለዚህ መለጠጡ መቆም ያለበት ከመስፋት በፊት፣ እንዲያውም ካሬው በልኩ ከመቆረጡ በፊት ነው። የሚያቆመው በካውያ ሙቀት የሚለጠፍ ስስ ማጠንከሪያ ጨርቅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ለኮሌታ የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ግን ከሚገኘው ሁሉ ስሱ። ለሸሚዝ ኮሌታ የሚሆነው ወፍራሙ ብርድ ልብሱን እንደ ካርቶን ያደርቅብዎታል።

መጀመሪያ የሰፏቸውን ሁለት ረድፎች ይፍቱ። በአንዱ ገጽ በኩል በየሦስተኛው ወይም በየአራተኛው ስፌት ክሩን ይበጥሱ፣ ከዚያ በሌላው ገጽ ያለውን ክር ቢስቡት ተመዞ ይወጣል። ሁለቱን ጨርቆች ይዘው አይገንጥሉ፤ ያኔ የባሰ ይለጠጣሉ።

ካውያ ከማንሳትዎ በፊት እድፉ ይቅደም፣ ምክንያቱም ሙቀት የወተትን እድፍ ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። ቁራጮቹን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁ። ከዚያ ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ወይም ኦክስጅን ያለበት የእድፍ ማስለቀቂያ ዱቄት በለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይዘፍዝፏቸው። በረኪና አይጨምሩ፤ ባለ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ክሩንም ያደክመዋል። የተቆረጠ ካሬ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከገባ ጠርዙ ተጠቅልሎና ተተርትሮ ስለሚወጣ በእጅ ጭምቅ ሳያደርጉ አጥበው በፎጣ መሃል ያድርቁት። የልብስ ማለስለሻም አይንካቸው። ማለስለሻ ጨርቁ ላይ ቅባት መሰል ነገር ስለሚተው ማጠንከሪያው አይይዝም፤ ከዚህ ቀደም ሲጠቀሙበት ከነበረ አንድ ጊዜ በሳሙና ብቻ ይጠቡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልለቀቀ እድፍ ካለ ከሌላ ልብስ የተረፈ ትንሽ ኪስ ወይም ሥዕል ቆርጠው ይስፉበት። እንዲሁ ቢተዉትም አልቃወምም፤ የማስታወሻ ዕቃ ነውና እድፉም የራሱ ታሪክ አለው።

ሲደርቁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው ካውያውን 2 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርገው እንፋሎት ብቻ ይልቀቁባቸው። ቀለበቶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ካሬው ዓይንዎ እያየ ይሰበሰባል። እስኪቀዘቅዝና እስኪደርቅ አያንሱት።

አሁን ማጠንከሪያው ይለጠፍ። እያንዳንዱን ማጠንከሪያ 16.5 ሳ.ሜ. ካሬ አድርገው ይቁረጡ፤ ከጨርቁ ትንሽ ስላነሰ ሙጫው ካውያ ላይም ጠረጴዛ ላይም አይጣበቅም። ስፋቱ 90 ሳ.ሜ. ከሆነ በአንድ ረድፍ 5 ይወጣሉ፤ ለ56ቱ 2 ሜትር ሊጠጋ ነውና ለስህተትም ጨምረው 2.2 ሜትር ይግዙ። ሙጫ ያለበት ገጽ በጣት ሲነካ እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ እሱ በጨርቁ የውስጥ ገጽ ላይ ይረፍ። ማጠንከሪያውም ራሱ በአንድ በኩል ይበልጥ ይሳባል፣ በሌላው ያንሳል። የማይሳበውን አቅጣጫ በካናቴራው ወርድ በኩል ያድርጉት። ብዙዎች ይህን ስለሚዘሉት ማጠንከሪያ ለጥፈውም ጨርቃቸው ይለጠጥባቸዋል።

እርጥብ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከላይ አልብሰው ካውያውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫኑ፣ ያንሱ፣ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ይጫኑ። አይግፉት፤ ካውያ ሲገፋ ጨርቁን ይዞት ይሄዳል፣ ያጠፋነውን መለጠጥ መልሰው ያመጡታል። ከማጠንከሪያው ጋር የተጻፈ የሙቀትና የጊዜ መመሪያ ካለ እሱን ይከተሉ። ሲቀዘቅዝ ጥጉን በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ ከተላቀቀ ድጋሚ ይጫኑ። ጎማ መሰል ሥዕል የታተመባቸው ልብሶች ሥዕሉ ወደ ታች ሆኖ ከስሩ ጨርቅ ይነጠፍላቸው፤ ካውያ በቀጥታ ካገኘው ሥዕሉ ይቀልጣል። ጸጉራም የክረምት ቱታ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ ሙቀት አይችልም፤ እሱን ስስ የጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኝተው ዙሪያውን ይስፉት። ሸሚዝና ጂንስ ምንም አያስፈልጋቸውም።

በልኩ የሚቆረጠው ገና አሁን ነው። ጠንካራ ካርቶን 16 በ16 ሳ.ሜ. ቆርጠው መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። የካናቴራን ፊት ቀረብ ብለው ቢያዩት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ የካርቶኑ መስመር ከእነሱ ጋር ትይዩ ይሁን። ሥዕል ያለበት ልብስ ላይ ሥዕሉ ለዓይን ጠማማ ቢመስልም መስመሩን ይመኑ፤ ልዩነቱ ከበዛ ብቻ ወደ ሥዕሉ ያድሉ። የብረት ቁልፍ ወይም ዚፕ ከስፌቱ መስመር ቢያንስ 2.5 ሳ.ሜ. ካልራቀ ያውጡት፤ መርፌ ይሰብራል።

ለስፌቱ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ቁጥር 80 መርፌ ያስገቡ፤ ሹሉ መርፌ የካናቴራውን ቀለበት እየበጠሰ ከታጠበ በኋላ ቀዳዳ ያወጣል። ክሩ ፖሊስተር፣ የስፌቱ ርዝመት 3 ሚ.ሜ. ይሁን፤ መኪናዎ የእግሩን ጫና መቀነስ የሚችል ከሆነ ይቀንሱት። ካናቴራና ሸሚዝ ሲገናኙ ካናቴራው ከታች፣ በጥርሶቹ በኩል ይሁን፣ እስፒልም በየ4 ሳ.ሜ. ይሰኩ። ከፊት ሆነው አይሳቡ፣ ከኋላም አይጎትቱ። እያንዳንዱ ረድፍ ሲያልቅ በሜትር ይለኩት፦ 7 ጊዜ 14፣ ሲደመር የሁለቱ ዳር 2 ሳ.ሜ.፣ ልክ 100 ይሆናል። እስከ 3 ሚ.ሜ. ልዩነት ረድፎቹን ስታገናኙ በእስፒል ይስተካከላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ያኔውኑ ይፍቱት፤ ስምንት ረድፍ ከተገናኘ በኋላ የሚፈታ ነገር ብዙ ነው። ለስፌት የተተወውን ትርፍ ወደ አንድ በኩል ሳያጥፉ ግራና ቀኝ ከፍተው በካውያ ያስተኙት፤ ማጠንከሪያ የተለጠፈበት ጨርቅ አራት እጥፍ ሲሆን ጥጉ ላይ ጉብታ ይሠራል።

ለጀርባ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ይምረጡ። ስፋቱ 150 ሳ.ሜ. ከሆነ 1.5 ሜትር ይበቃል፤ ግን አጥበው አድርቀው ይቁረጡት፣ ጥጥ ይሰበሰባልና። በየጎኑ 10 ሳ.ሜ. ትርፍ እንዲኖረው 118 በ132 ያውጡ። በጎን ከሚተርፈው ስፋታቸው 6፣ ርዝመታቸው 132 ሳ.ሜ. የሆኑ 4 ጥብጣቦች ይወጣሉ፤ ተቀጥለው ዙሪያውን ለማሰር ይበቃሉ፣ ዙሪያው 420 ነው። መሃል የሚገባው ጥጥ ስስ ይሁን፤ ማጠንከሪያው ራሱ ክብደት ጨምሯል። ለሞቃት ቦታ አንድ ድርብ ፍላኔል ብቻ ቢገባ ይሻላል።

ጀርባውን ወለል ላይ ዘርግተው ዳሩን በፕላስተር ይያዙት፤ ይወጠር እንጂ አይለጠጥ። ጥጡንና ፊቱን ደርበው ከመሃል ወደ ዳር በየ10 ሳ.ሜ. በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ። ሦስቱን ድርብ ሲሰፉ በመገናኛው ስንጥቅ ላይ አይሂዱ። ትርፉ ግራና ቀኝ ስለተከፈተ እዚያ መርፌው የሚያገኘው ክር ብቻ ነው፣ ይበጥሰዋል። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 5 ሚ.ሜ. ርቀው ሁለት መስመር ይስፉ፤ ይህ መጋጠሚያውንም ያጸናዋል። ዙሪያውን ሲያስሩ ጥብጣቡን ለሁለት አጥፈው ከፊት በ1 ሳ.ሜ. ይስፉት፣ ወደ ጀርባ ገልብጠው በእጅ ይጨርሱት።

ብርድ ልብሱን ልጅ የሚተኛበት ከሆነ ቁልፍ፣ ሪባንና የሚንጠለጠል ጌጥ ሁሉ ይውጣ፤ 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነቅሎ አፉ ይከታል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አልጋ ውስጥ ደግሞ ምንም ዓይነት ብርድ ልብስ አይግባ፣ የመታፈን አደጋ አለውና። ሲቆሽሽ በ30 ዲግሪ በቀስታ ይጠቡትና ጠፍጣፋ ላይ ያስጡት። በጋለ ማድረቂያ ማሽን የማጠንከሪያው ሙጫ ይላቀቅና ጨርቁ ላይ አረፋ ይወጣል። ወጥቶ ካገኙት ከጀርባ ስለማይደርሱበት ከፊት በኩል እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ካውያውን ለ15 ሰከንድ ይጫኑት፣ እስኪቀዘቅዝም አያንቀሳቅሱት።