ጠርሙስ ውስጥ ዳግም የሚብላላ የሆፕ ቢራ

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን ጠያቂ ከገብስ ብቅል ጠምቀው፣ መብላላቱ ሲያበቃ ሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ) የጨመሩበት ፔል ኤል የተባለ ፈካ ያለ ቢራ ሲታሸግ ደህና እንደነበረ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ቆርኪው ሲነሣ ግማሹ በአረፋ እንደሚፈስ፣ ቅቤ ቅቤ እንደሚሸትና አንዱ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ እንዳለ እንደፈነዳ ይገልጻሉ። ቀድሞ ያማከሩት ሰው ዕቃው ቆሽሿል ብሎ ሁሉን በበረኪና አሳጥቧቸዋል፤ ለውጥ ግን አልመጣም።

ከሁሉ በፊት የቀሩትን ጠርሙሶች በባዶ እጅ አይንኩ። ወፍራም ጓንትና የዐይን መከላከያ መነጽር አድርገው፣ ጠርሙሶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነው ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቧቸው፤ በሚገባ ከቀዘቀዙ በኋላ ቆርኪውን በጨርቅ ሸፍነው ቀስ ብለው ይክፈቱ።

እኔ ቆሻሻን አልጠረጥርም፤ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ መኮምጠጥ ወይም መጥፎ ሽታ ይከተል ነበር። በረኪናውማ በደንብ ካልታጠበ የመድኃኒት ጣዕም ይተዋል፤ እንዲህ ያለው ችኩል መፍትሔ ብዙ ጥሩ ቢራ አበላሽቷል። የቅቤው ሽታ የሚያመለክተው ሆፑን ራሱን ነው። ብቅሉ በ66 ዲግሪ ገደማ ሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ስታርቹ ስኳር ይሆናል፤ ከፊሉ ግን እርሾ የማይበላው ዴክስትሪን ሆኖ ይቀርና ለቢራው ወፈር ያለ ጣዕም ይሰጠዋል። ሆፕ በተፈጥሮው ጥቂት ኢንዛይም አለው፤ አብሮ ሲቀቀል ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ሳይቀቀል ሲጨመር ግን ዴክስትሪኑን እየቆራረጠ እርሾ የሚበላው ስኳር ያደርገዋል። ያኔ ያበቃ የመሰለው መብላላት እንደገና ይጀምራል፣ እርሾውም ቅቤ የሚሸተውን ዲያሴቲል የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ይለቃል። ይህን ብራውንና ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች በ1893 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። በሃይድሮሜትር (የፈሳሹን ጥግግት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የቀረውን ስኳር በሚጠቁም መሣሪያ) 1.012 ሆኖ የታሸገ ቢራ ወደ 1.008 ቢወርድ ጋዙ ከተለመደው ወደ እጥፍ ይጠጋል። የጠላ ጋን ትርፉን በክዳኑ ያስተነፍሳል፤ ቆርኪ የተመታበት ጠርሙስ ግን መተንፈሻ የለውም።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ እርሾው በብርድ ሲያንቀላፋ መብላላቱ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ ሆፑን ከጨመሩ በኋላ በርሜሉን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ያቆዩና ሃይድሮሜትሩ ሦስት ተከታታይ ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር እስኪያሳይ ይጠብቁ። ቀጥሎም በትንሽ ብርጭቆ ቀድተው፣ አፉን ከድነው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አቆይተው ያሽትቱት፤ ቅቤ ከሸተተ ገና ነው።

ርካሹን ሃይድሮሜትር አይመኑ፤ በውስጡ ያለው ወረቀት ይንሸራተታል። በንጹህ ውሃ፣ በላዩ በተጻፈው ሙቀት 1.000 ካላሳየ ይጣሉት። ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጥር ሲታሸግ የሚጨመረውን ስኳርም በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን፣ ለአንድ ሊትር 6 ግራም ገደማ አድርገው ይጨምሩ። አፉ የተሸረፈ ወይም ስስ ጠርሙስ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ወፍራሙን የሚመለስ የቢራ ጠርሙስ ይምረጡ። የታሸጉትን ልጆች በማይደርሱበት፣ ክዳን ባለው ሣጥን ያኑሩ፤ በሳምንቱ አንዱን አቀዝቅዘው፣ አሁንም ጓንትና መነጽር አድርገው ይክፈቱ፤ ከገነፈለ የቀሩትን ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቧቸው።